እልልታዬን አይታለች

ልጄ ራሕመት፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻ ነው አልቻል ያለን።

የእህትሽ የሐያት የሒሳብ ውድድር ውጤት መጣ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከከተማችን የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም የጎረቤታችን የዙበይዳ ልጅ ሆነ። ሐያት ሁለተኛ ወጣች። ዙበይዳ በሬን ዘግቼ የማለቅስ መስሏት ነበር። እኔ ግን ማንጎ በትሪ ሙሉ ይዤ ሄድኩና ከእሷ በላይ እልል አልኩላት። ስወጣ «ለከርሞ እኔ ቤት መጥተሽ ብድሬን ትመልሻለሽ!» አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ።

ሐያት እንደገና ትፈተናለች። እባክሽ ልጄ፣ ለእሷ ቪዛ መፈለጉን ተዪው። ከዚህ ቤት ለሰው ቤት ሥራ አንቺ መሄድሽ ይበቃል። የከርሞውን እልልታ አብረሽን እንድታሰሚ አላህ በሰላም ይመልስሽ።

እናትሽ