ሪዮ፣ በመስኮት

ጥር 14፣ ቶሮንቶ
ብርድ። ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። የልጅ ልጄን አክሱማዊትን አዝዬ ደረጃውን ወጣሁ... አራት ዓመት የሞላትን ልጅ ማዘል በኔ ዕድሜ? ምስር ቀቀልኩ። ልብስ አጠብኩ። ልጄ ስመኝ ከሥራ ስትገባ ፊቷ በርቷል። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆየሁ።
«እማዬ፣ የብራዚል ቪዛሽ ወጣ! ሪዮ እንወስድሻለን። ቫኬሽን ነው፣ ላንቺ ብለን ነው።»
ለእኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ቴሌ ኦፕሬተር ሆኜ የሰው ድምፅ ከባሕር ማዶ ሳገናኝ ኖርኩ። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጥር 16
ለአሰፋሽ ኮል አደረግኩ። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳት፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር። በደርግ ጊዜ የመጣች ናት፣ የዚህን አገር ነገር ሁሉ ታውቃለች። «እሰይ! ወልዶ መሳም እንዲህ ነው» አለችኝ።
ባርኔጣ ገዛሁ፣ ሰፊ። መስታወት ፊት ስሞክረው አማቼ አቤ አየኝ። «እማማ ቦጋለች፣ ኮረዳ መሰሉ እኮ!»
አፈርኩ። ደስም አለኝ።

ጥር 19፣ ሪዮ
ሙቀቱ! ሆቴላችን ኮፓካባና ዳር ነው። መስኮቱን ስከፍት ባሕር... ሌላ ምንም የለም፣ ባሕር ብቻ። ከታች ሰዉ ሁሉ ራቁቱን ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ኳስ ይጫወታል፣ ከበሮ ይመታል፣ ኮኮናት በስትሮ ይጠጣል። ቆሜ አለቀስኩ።
ስመኝና አቤ እራት ሊበሉ ወጡ። እኔ ከልጅቷ ጋር ቀረሁ። ደክሟታል፣ ምን ይደረግ።

ጥር 20
በጠዋት ሄዱ። በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ ላይ የሚወጣ መኪና አለ አሉ።
«አክሱ ከፍታ ትፈራለች፣ እማዬ። አንቺን ነገ።»
ነገ።

ጥር 21
አስተርዮ ማርያም ናት። ክፍሉ ውስጥ ጸለይኩ።
ዛሬም ሄዱ። ተራራው አናት ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመው የክርስቶስ ሐውልት ጋ። እሱን እንኳ ላየው ብዬ ከቶሮንቶ ጀምሬ ስለምናት ነበር። «ደረጃው ይከብድሻል» አለችኝ። ሰፈራችን ጄን ኤንድ ፊንች ልጇን አዝዬ ስወጣ ደረጃ አይከብደኝም?
ሲመለሱ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። «በቃ፣ ፎቶውን እይና እንደሄድሽ ቁጠሪው።» ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ጥር 22
አላስቻለኝም። ባርኔጣዬን አድርጌ፣ አክሱን እጇን ይዤ ወረድኩ።
አሸዋው እግር ያቃጥላል። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ልጅቷን ጥብቅ አድርጌ ይዣታለሁ። ማዕበሉ መጣና በቂጤ አስቀመጠኝ! አክሱ በሳቅ ልትሞት። ባርኔጣዬን ውሃው ወሰደው... ይውሰደው። ውሃው አፌ ገባ። እውነትም ጨው ነው። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ክንዴን ይዞ አነሳኝ፣ በቋንቋው የሆነ ነገር አለኝና ሳቀ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው መቼ ነው?
ከዚያ ስመኝ ደረሰች። ልጅቷን ከእጄ መነጨቀቻት። ሰው ሁሉ ያያል።
«ልጄን ልትገይልኝ ነው? ማነው ውረጂ ያለሽ?»
«እዚህ ድረስ መጥተን ባሕር ሳናይ...»
«አንቺ ባሕር እንድታዪ አይደለም ያመጣሁሽ!»
ታዲያ ለምን?
ለምን እንደሆነ እራት ላይ ሰማሁ። ሆቴሉ ውስጥ የተዋወቋቸው ባልና ሚስት አብረውን ተቀመጡ፣ ፈረንጆች። ሴትየዋ ልጆቿን አገሯ ትታ መምጣቷን ታወራለች። ስመኝ በእንግሊዝኛ፣ «እኛ ናኒያችንን ይዘን መጣን» አለችና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «የተቀጠረች ብትሆን ኖሮ ግን እስካሁን አባርሬያት ነበር።»
ሳቁ።
አቤ በአማርኛ፣ «ኧረ ስመኝ፣ እማማ ይሰማሉ እኮ» አላት።
«ትስማ» አለች። ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር።
አቤ አቀረቀረ። እኔ ሩዜን በላሁ። አንዲትም ፍሬ አላስተረፍኩም። ምን እንዳደርግ ነው?

ጥር 23
ኤርፖርት። ቀስ ብዬ ነገርኳት። «ስንገባ አሰፋሽ ጋ እሄዳለሁ።»
«ሂጂ! ስፖንሰር ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚበቃኝ። ወደመጣሽበት ይልኩሻል።»
አውሮፕላን ውስጥ አክሱ ክንዴ ላይ ተኛች። ክንዴ ደነዘዘ። አልነካኋትም፣ እንዳትነቃ።

ጥር 27
አሰፋሽን ጠየቅኳት። በስልክ ጮኸችብኝ። «አንቺ ሞኝ! ፒአር ካርዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያንቺ ነው። በልጅ ኩርፊያ ማንም አይመልስሽም።»
ስመኝ ይህን ሳታውቅ ቀርታ ነው? ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ነበርኩ። እሷ ደግሞ አለማወቄን ታውቃለች።
ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አቤ እስከ ታች ተሸከመልኝ። ከመውጣቴ በፊት አክሱ ቀሚሴን ይዛ እሪ ብላ ነበር። እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።
«አያትሽ አትወድሽም። ለዚህ ነው የምትሄደው።»
ለአራት ዓመት ልጅ! እኔ እዚያው ቆሜ።

ጥር 30
ምንም አልጻፍኩም። ተኛሁ።

የካቲት 8
በረዶ ጥሎ አደረ። አሰፋሽ ትንሿን ክፍል ለቃልኛለች፣ ስገባ ስወጣ ማንም አይጠይቀኝም። ነገ ጾም ይገባል።
ስልክ ጮኸ። ስመኝ ናት። አላናገረችኝም፣ ቀጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። የት እንደሚያመኝ ታውቃለች።
«አያቴ፣ መቼ ካም ታደርጊያለሽ?»
«አልመጣም፣ የኔ እናት።»
«ዱ ዩ ላቭ ሚ?»
«በጣም እወድሻለሁ።»
ከኋላ ሹክሹክታ ይሰማኛል። «ከወደድሽኝ ነይ በያት... በያት!»
«ከወደድሽኝ ነይ» አለች አክሱ።
እሺ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።
«አልመጣም» አልኩ።
ለቅሶዋ ጀመረ። ስመኝ ስልኩን ተቀበለች። «ጨካኝ! ጨካኝ ነሽ!»
«አዎ» አልኳትና ዘጋሁት።
ማን እንዳባበላት አላውቅም። መልሼ አልደወልኩም።