ለተዋናዩ ያልተነገረው መርዶ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ትናንት ለመጽሔት የምጽፈውን ዓምዴን ላክሁ። ስለ አንድ የድሮ ሆሊውድ መልከ መልካም ተዋናይ ነው፤ አራቴ ስላገባው። እናቱ ስትሞት የፊልም ስቱዲዮው ቀረጻው እስኪያልቅ መርዶውን ደበቀው፤ ሰውየው ምንም ሳያውቅ እየሳቀ ሲተውን ከረመ። «አቤት ጭካኔ!» ብዬ ጽፌያለሁ።

ዛሬ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። እህቴ ከአፕል ቫሊ ከተማ፣ እዚሁ ሲዋርድ ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቼም፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ሞቷል። ማክሰኞ ነው የሞተው።

«ጽሑፍሽን ሰብሚት እስክታደርጊ ብለን ነው እኮ፣ የኔ ሆድ» አለች እህቴ እያለቀሰች።

እኔ አላለቀስኩም። «ግቡ፣ ጫማችሁን አታውልቁ» አልኳቸው።

ረቡዕ ዕለት የተዋናዩን ሚስቶች ጉድ ለእህቴ በስልክ ሳወራላት ከት ብላ ስቃ ነበር። እንዴት አድርጋ ሳቀች?