የጽዮን የበቅሎ ፕሮጀክት

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ፎቶኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት ሲበላ ዋለ። ጽዮን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ መጣች። ሰባተኛ ክፍሎች የሳይንስ ፕሮጀክት ታዘዋል፤ ግንቦት 14 ወላጅ ባለበት ይቀርባል።

"እትዬ፣ እኔ በፈረስ ነው የምሠራው።"

ጥሩ፣ አልኩ። የአያቷ ባዝራ አለችላት፤ ፎቶ ማንሣት፣ ማተም፣ አለቀ።

"ባዝራ ከአህያ ተዳቅላ በቅሎ ትወልዳለች አይደል? በቅሎዋ ግን ለምን አትወልድም? እሱን ነው የምሠራው።"

"ሌላ ርዕስ የለም?"

"ለምን?"

ምን ልበላት? ጽዮን የባሌ የእህት ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ እኛ ዘንድ ከተቀመጠች ሦስተኛ ዓመቷ። ሰው ከኋላዬ ምን እያለ እንደሚጠራኝ አልሰማችም። ከተጋባን ስምንት ዓመት፣ ልጅ የለም... ስለዚህ "በቅሎዋ የኔነሽ"። ከዚህ ሁሉ የዓለም ሳይንስ ይቺ ልጅ እሱን መረጠች!

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

የጽዮን የሳይንስ አስተማሪ መምህር ጌታነህ ሱቅ ድረስ መጣ። እስክሪብቶ ገዛ፤ አይሄድም፣ ይቁለጨለጫል።

"ጽዮን ስለ ንብ ብትሠራ አይሻልም? ንብ... ደስ ይላል።"

"ፈረሱ ምን አደረገ?"

"የለም፣ ምንም... ለእናንተም ብዬ ነው።"

ዓይኔን አላየም። ለእኛ! "የፈረሱን ትሥራ" አልኩት። ከወጣ በኋላ በራሴ ሳቅሁ። ከትናንት ወዲያ ርዕሱን ላስቀይራት የሞከርኩት እኔው አይደለሁም? ግን ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል። ከስድቡ ይብሳል።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ባሌ ክንዱ ለጽዮን ማሳያ ሰሌዳ ይሠራላታል። ከሥራ ቦታው የተረፈ ጣውላ አምጥቶ ጓሮ ይልጋል።

"ርዕሱን ነግራሃለች?"

"አዎ።"

"እና?"

"እና ምን?"

መላጉን ቀጠለ። ባሌ ጎበዝ አናጢ ነው። ያጋደለ በር ከሩቅ ይታየዋል፤ እኔ ግን አልታየውም።

አምና ደብረ ታቦር ሄጄ ብቻዬን ተመረመርኩ። ሐኪሟ በእኔ በኩል ያገኘችው ችግር የለም። "ባልሽ ሳይመረመር ግን ምንም ማለት አልችልም፤ ይዘሽው ነይ" አለችኝ። ነገርኩት። "እኔ ጤነኛ ነኝ" ብሎ ከቤት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ለመንኩት? ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። አንድ ቀን አብሮኝ እንዲሄድ ብቻ።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። ዳታም የለም። ጽዮን ግን ጥያቄ አላት፣ እግዜር ይመስገን!

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ፣ ልደታ

አማቴ እማማ ቦጋለች ዘንድ ሄድን። ወደ አርብ ገበያ ከተማ በሚሄድ መኪና ተሳፍረን፣ መንገድ ላይ ወርደን፣ ከዚያ በእግር። የፎቶው ነገር እንዳሰብነው አልሆነም። ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ዞረችብን፤ በስንት ልመና አንድ ፎቶ ተገኘ፣ እሱም ግማሹ ጭራ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ ዛፉ ሥር ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል። ጽዮን በመሀል ጮክ ብላ፣ "እማማ፣ በቅሎ የማትወልደው ጥፋቱ የማን ሆኖ ነው?"

ሁሉም የሚያየው መሬት አገኘ።

"የራሷ ነዋ! የማን ይሆናል?" አሉ እማማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሐናም መካን ነበረች። አልቅሳ፣ ለምና ነው ያገኘችው። አንቺ እንደሁ ጸሎቱም አይሆንልሽ።"

ዋጥኩት። ኢያቄምስ? ሐና ብቻዋን ነው የለመነችው? ሥዕሉ ላይ እንኳ ሁለቱም አብረው ነው የቆሙት! ቀኑ የሁለቱም ነው... እሱን ማንም አያነሣም። ክንዱ ሁሉንም ሰምቷል። ንፍሮውን ይቅማል።

ስንመለስ አላናገርኩትም። የተለየ ነገር ያየ አልመሰለኝም።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

መምህር ጌታነህ የንቡን ነገር ትቶ በደንብ አስረድቷታል፤ ለዚህስ ይመስገን። ዘር የሚያስተላልፍ ክሮሞሶም የሚባል ነገር አለ። በቅሎ ከባዝራዋ ሠላሳ ሁለት፣ ከአህያው ሠላሳ አንድ ትወስዳለች። ጽዮን የባዝራዋን በባቄላ፣ የአህያውን በአተር ልታሳይ ነው። ይጣመራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባቄላ ጥንድ ያጣል።

ማስቲሹ ግን አልይዝ አለ። አተሩ እየተንከባለለ ማሽኑ ሥር ገባ። አንዱ አተር ላይ ጮኽኩ፣ ጽዮን አለቀሰች። ማታ ይቅርታ ጠየቅኋት። "በእኔ ነው የተናደድሽው?" አለችኝ። አይደለም፣ አልኳት። በማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ቀረበ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ክንዱም የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መጣ፤ ሰሌዳው እንዳይወድቅ ነው ብሎ ከኋላው ቆመ። ግማሹ ጭራ የሆነው ፎቶ መሀል ላይ ተለጥፏል።

ጽዮን አልፈራችም። ባቄላና አተሩን አንድ በአንድ አጣመረች። አንድ አባት ከፊት ሆኖ፣ "እና ጥፋቱ የፈረሷ ነው በይና!" አለ። ሳቁ። ጎረቤቶቼ ግን አልሳቁም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

ጽዮን ኮስተር አለች። "የማንም ጥፋት አይደለም። ደግሞ ፈረሷን ብቻ ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም። አህያውም መቆጠር አለበት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ አመለጠኝ። ክንዱን አየሁት። ፊቱ ቀልቷል፤ ሰሌዳውን እንደያዘ ነው። ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣ። እቃውን እኔና ጽዮን ተሸክመን ገባን። አንድ ቀን እንኳ! አንድ ቀን ቆሞ ቢጠብቀን ምን ነበረበት?

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሱቅ ስከፍት ከኋላዬ መጣ።

"ማክሰኞ ሱቁን ዝጊ።"

"ለምን?"

"ደብረ ታቦር እንሄዳለን።"

"ማንና ማን?"

"እኔና አንቺ። ልመረመር።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ስለምነው አልገባው ያለ ሰው በባቄላና በአተር ገባው? ይህንኑ ነገርኩት፤ ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም። ክርክር አልገጠመኝም።

"ፈርቼ ነው" አለ።

ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ይቺን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ቁልፉን ተቀብሎኝ በሩን ከፈተልኝ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ፣ ደብረ ታቦር

ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የጠሩት የክንዱን ስም ነው። ኮፍያውንና ስልኩን ሰጠኝና ገባ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እማማ ቦጋለች ናቸው። ላንሣው አላንሣው... አነሣሁት።

"ክንዱ የለም?"

"ሊመረመር ገብቷል እማማ። ስለ ልጅ።"

"ማን? ልጄ?"

"አዎ። እኔም ከሱ ቀጥዬ እገባለሁ።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።