በጾም የመጣ የዶሮ ሾርባ

ማክሰኞ፣ ማርች 4 ቀን 2014
ሥራ ዋልኩ። ሳሉ አልተወኝም። ፓርኪንግ ቦክሷ ውስጥ ትኬት ስቀበል አንዱ ሹፌር መስኮቱን ዘጋብኝ። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እዘጋለሁ።
ነገ የሳንባዬ ፎቶ ውጤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ያለው ይወስደኛል። እሱ ቁጭ ብሎ ካልተረጎመ ሐኪም ያየሁ አይመስለውም። ምስር በላሁና ጋደም አልኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ውሸታም!
ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። ቀኝ ሳንባዬ ላይ ነጭ ነገር። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ናሙና ወስደን ካላየን ዓይነቱን አናውቅም አለች። ያለው ዞር ብሎ፣ "ሳንባሽ ውሃ ቋጥሯል፣ በመድኃኒት ይደርቃል ነው የምትለው" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ።
ከዚያ ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ዝርዝሩን ከወንድምሽ ጋር ብነጋገር፣ እሱ ቢወስንልሽ ትፈቅጃለሽ? ያለው ይህን እንዴት ተረጎመው... ምግብ በደንብ ትበያለሽ ወይ ነው የምትለው አለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ለምን? ምላሴ ተሳሰረ። ስድሳ አንድ ዓመት የኖረ ምላስ!
አሥራ ሰባት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ የተሰደብኩት በምን ቋንቋ መስሎት ነው?

እሑድ፣ ማርች 9
ያለው ከሚኖርበት ከአሌክሳንድርያ ድረስ ነድቶ የዶሮ ሾርባ ይዞ መጣ። በዐቢይ ጾም! ጾም የፈታ ሰው ቤት ውሃ እንኳ የማይጠጣው ያለው። ለሕመምተኛ ይፈቀዳል፣ የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ አለ። ሳንባ ላይ ለቆመ ውሃ ነው ጾም የሚፈታው? ስለው ሾርባውን ማማሰል ያዘ።
ማኅደርም አብራ ገፋፋችኝ። "ጀስት ኢት፣ እማዬ።" ዝም ብለሽ ብዪ ማለቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ለካ ልጄም ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።
ሲሄድ ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ሽታው ግን ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 18
ምንም አዲስ ነገር የለም። ያለው "መድኃኒቱን ዋጪ" ይላል። መድኃኒቱ የሳል ነው፣ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያነሳው። እንግሊዝኛ ማንበብም አልችልም ማለት ነው?
በብሬክ ሰዓት ራሴ ሆስፒታሉ ደወልኩ። የናሙናው ቀጠሮ ትናንት ነበር... ተሰርዟል። ወንድምሽ ደውሎ ሰርዞታል፣ ቤተሰቡ እያሰበበት ነው ብሎናል አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። ቤተሰቡ! እኔስ የማን ቤተሰብ ነኝ?
ለምን እንደሰረዘው አውቃለሁ። ብረት ከነካው ይሰራጫል የሚባለውን ፈርቶ ነው። ስንት ለቅሶ ቤት ሰምተነዋል። እሱ ያስባል፣ ያ ነገር ደረቴ ውስጥ ያድጋል።
ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ? አለችኝ። አዎ አልኳት። እንግሊዝኛዬ አንሶ አይደለም። እሱ ባለበት በአማርኛ እንዲባል ነው የፈለግሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 20
ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የማላውቃት አስተርጓሚ ከስልኩ ውስጥ፣ "እንደምን ዋሉ እናቴ" አለችኝ። ያለው ሊነሳ ሲል ተቀመጥ አልኩት።
ሴትየዋ አንድ ቃል አልዘለለችም። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም። ናሙናው ዓይነቱን ይለያል፣ ሕክምናው በዓይነቱ ነው። በተለይ ሲጋራ የማያጨስ ሰው ላይ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን የሚያዝ ዓይነት አለ። ካልሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞ፣ ምናልባትም ጨረር። ናሙና መውሰዱ አያሰራጨውም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አያሰራጨውም፣ የሚጎዳው መቆየቱ ነው አለች። ይህችን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ያለው ወለል ወለሉን ያያል። ፈረምኩ።
መኪና ውስጥ የያዝኩትን ሁሉ አወረድኩበት። ወንድሜ ነህ ወይስ ዳኛዬ? በማን ሳንባ ነው የምታስበው? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ብቻ እንዲህ አለ፦
"እትዬ፣ ኪራኮስ ሲታመም ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?"
በሩን ድርግም አድርጌ ወረድኩ።

ዓርብ፣ ማርች 21
እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።
ባሌ ኪራኮስ፣ በ2003። አስመጥቼው ገና ሁለት ዓመቱ፣ እንግሊዝኛው አልያዘለትም ነበር። ጉበቱ ነው አሉን። ጨጓራ ነው አልኩት። ያለው ሲተረጉም፣ ይህን ዝለለው የምለው እኔ ነበርኩ። ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለመኪናችን አራት አዲስ ጎማ ገዛ። አምስት ዓመት ያስኬዱኛል አለኝ እየሳቀ። እንዴታ! አልኩት።
ለማኅደር የሚላት ነገር ነበረው ይሆን? ለእኔስ? ፍቅር መስሎኝ ከለከልኩት።
ለያለው አልደወልኩለትም። ገና ንዴቴ አልበረደም... በእሱ ይሁን በራሴ።

ረቡዕ፣ ማርች 26
ናሙናው ተወሰደ። ጎኔን ያመኛል። ማኅደር አጠገቤ ተቀምጣ፣ ይቅርታ እማዬ አለች። በአማርኛ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10
ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው። ግራውንም ሳንባ ነክቷል። ኪኒኑ ለእኔ ዓይነት አይሆንም። ከሰኞ ጀምሮ ኬሞ፣ በየሦስት ሳምንቱ። ለማዳን ሳይሆን ለማቆየት ነው አለች ሐኪሟ። ስንት ጊዜ እኖራለሁ? ብዬ ጠየቅሁ፣ በራሴ እንግሊዝኛ። አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት፣ ከዚያ የሚያልፉም አሉ። ሲጋራ በእጄ ይዤ የማላውቅ ሴት! ተናደድኩ፣ ግን የምጮህበት ሰው አጣሁ። ኬሞውን እሞክረዋለሁ፣ ካቃተኝ አቆማለሁ አልኳት። ጻፈችው።
ከሥራ መልስ ያለው መጣ። ሽሮ ይዞ። አብረን በላን። ሲወጣ መኪናዬን ዞር ዞር ብሎ አያት። ጎማዎቹ አልቀዋል፣ ቅዳሜ አራቱንም ልቀይርልሽ ወይ? አለኝ። ጠየቀኝ።
በሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ።
የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ፣ አልኩት።