ገዳይ የሌለው ሞትህ

ይድረስ ለወንዴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ብጠይቅህ መልስ አይመጣም፤ ስለዚህ ስለ እኛ ልንገርህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጎንደር ቁስቋም ያለችው ቤታችን እንደነበረች ናት። ነገ ዛሬ አስተካክላታለሁ ስትል የኖርካት የጓዳዋ ቆርቆሮ አሁንም ታፈሳለች፤ ከሥሯ ባልዲ አስቀምጬላታለሁ። ህሊና አንደኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ትመስላለች። ከሰል ግን ከደጃችን አልፎ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ በሶ በጥብጠን እንጠጣና ብርድ ልብስ ደራርበን እንተኛለን። ጎረቤቶች «ምነው፣ እሳት እንኳ አታነጂም?» ይሉኛል።

አንተ የከብት ሐኪም ነበርክና በእኔ ኬሚስትሪ መቀለድ ትወድ ነበር። «እኔ የማክመውን አየዋለሁ፤ አንቺ ያላየሽውን ታስተምሪያለሽ» ትለኝ ነበር። ለተማሪዎቼ ማሳያ እንዲሆነኝ የነከርኩትን ባቄላና አተር በስንጥር ስሰካ አጠገቤ ቁጭ ትላለህ። ባቄላዋ ካርቦን፣ አተሯ ኦክስጅን። ቀና ስል ኦክስጅኔን በልተኸዋል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ትተህ፣ አቶም ውስጧ ምን እንዳለ ከልብህ ጠየቅኸኝ። መሐሏ ላይ እጅግ ጠባብ አስኳል እንዳለች፣ ኤሌክትሮኖቹ ከሩቅ እንደሚዞሯት፣ የቀረው ሁሉ ባዶ እንደሆነ ነገርኩህ። ጥቂት አሰብክና «እንግዲያ እኛም አብዛኛው ባዶ ነን» አልክ። ያን ቀን ስቄብህ ነበር።

ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሲያዛውሩህ ብርዱን ነበር የፈራሁልህ። አያ ክንፌ ቤት ክፍል ተከራይተህ «ሸጋ ሰው ናቸው፣ አትስጊ» ብለህ ደወልክልኝ። በኋላ በሬያቸው ሰውንም በሚይዘው በሽታ፣ በአባ ሰንጋ ሞተ። ሥጋው እንዳይበላ፣ ቆዳው እንዳይገፈፍ ብለህ እንዳለ አስቀበርክባቸው። በገበያ መሐል ጮኹብህ። ብዙ ሳይቆይ ነገሩ ገብቷቸው፣ ወተት ይዘው ወደ ክፍልህ መጡ። ጩኸቱን አገር ሰማው፤ ወተቱን ያየ ሰው ግን የለም።

የዚያን ቀን ከገጠር ስትመለስ ዝናብ አበስብሶህ ነበር አሉ። የከሰል ምድጃውን ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆየኸው፤ ፍሙ ጥርት ብሎ ሲቀላ ወደ ክፍልህ አስገባኸው። ልብስህን ወንበር ላይ ዘረጋህ፣ የበሩን ሥር በጆንያ ደፈንክ፣ ተኛህ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም ይላሉ። ጠዋት አያ ክንፌ ቢጠሩህ ዝም አልክ። በሩን ገንጥለው ገቡ። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱህም እሳቸው ናቸው።

ጎንደር ስትደርስ ፊትህ ቀልቶ ነበር። እንቅልፍ የጣለው ሰው እንጂ ሬሳ አትመስልም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ፤ እኔ ግን ሳይነግረኝ አውቄው ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር ነው። ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካገኘ አንዷ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ትይዛለች፤ እሱ በየትንፋሻችን የምናወጣው ነው። አየር ካጠረው ግን አንድ ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ትሆናለች። ቀለም የላትም፣ ሽታ የላትም፣ አታስልም። ደም ለኦክስጅን ባዘጋጀው ቦታ ቀድማ ትቀመጥና አልነሣም ትላለች። ደሙም በእሷ ይቀላል። ሰው ፊቱ ደምቆ፣ ምንም ሳይሰማው፣ ታፍኖ ይሞታል።

እናትህም ያንኑ ቅላት አዩ። «ደሙ ፊቱ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ነው፤ ልጄን ሰው ነው የገደለው» አሉ። የበሬውን ጠብ የሰማ ሁሉ ገዳዩን ለማወቅ አልተቸገረም። ፖሊስ አያ ክንፌን ጠይቆ፣ ጥፋት አላገኘሁባቸውም ብሎ ሲለቃቸው ነገሩ ባሰ። ወንድምህ ደሴ የአባታችሁን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አወረደ። አርባህ ሳይወጣ ወደ ጃናሞራ ሊወጣ ስንቁን አሰናዳ።

ባቄላና አተሬን ነክሬ ወደ እናትህ ቤት፣ ኮላ ድባ ወረድኩ። እናትህ ፊት ተቀምጬ እየሰካሁ አሳየኋቸው። ይቺ ከሰሉ ናት፣ እነዚህ አየሩ ናቸው፣ አንዷ ስትጎድል እንዲህ ይሆናል አልኳቸው። ጣቶቼን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አተሯን ከስንጥሩ አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ እኔ እሳት ስሞቅ ነው ያረጀሁት። ምነው እኔን ሳይገድለኝ? የወለድኩትን ልጅ ባቄላ ገደለው ብዬ ለሰው ልንገር?»

የእርስዎ ቤት የሣር ክዳን ነው፣ በየቀዳዳው ንፋስ ይገባል፤ የዚያኛው ቤት ግን በሲሚንቶ የተለሰነ ነው አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ደሴ ከበሩ ላይ ሆኖ «እትየ፣ ለገዳይ ጠበቃ አትሁኚ» አለኝ። ያን ያህል ዓመት አስተምሬ ለሁለት ሰው ማስረዳት አቃተኝ።

ሽማግሌዎች ገብተው ደሴን በገመድ እንደታሰረ ሰው እየጎተቱ አቆዩት። በዚህ መሐል አያ ክንፌ ጎንደር ድረስ እኔን ፍለጋ መጡ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

«ልጄ፣ እውነቱን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ግን ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ደሴ እኔን ከገደለ እነሱ እሱን ይገድላሉ፤ ሞቼ እንዴት ላስቆማቸው? ገደልኩ ብዬ እታረቃለሁ። አንቺ ዝም በይልኝ።»

ያላደረጉትን እንዴት ይናዘዛሉ አልኳቸው። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ለመንኳቸው፤ እንደገና እናትህ ዘንድ ልሂድ፣ ሐኪሙን ይዤ ልሂድ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሰሙሽም። እኔም ሬሳውን በእጄ ባላነሣ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉ።

እርቁ በኮላ ድባ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሆነ። አያ ክንፌ በዚያ ዕድሜያቸው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አያ ክንፌ «በእጄ ጠፍቷል፤ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ማሩኝ» አሉ። እናትህ ተነሥተው ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱላቸው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እናትህ ከሞትህ ወዲህ ያን ቀን ነው ደህና እህል የቀመሱት፤ ደሴም ጠመንጃውን መልሶ ሰቀለ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ሰው ተረፈ። የአንተ አሟሟት ግን ከዚያ ቅጽር ሌላ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መስማት አትፈልግም ይሆናል፤ ግን ከአንተ በቀር የምነግረው የለኝም። አያ ክንፌ አገራቸው ሲመለሱ ነፍሰ ገዳይ ሆነው ጠበቋቸው። የጽዋ ማኅበራቸው እንኳ እየከዳቸው ሄደ። ዘንድሮ ፍልሰታ ሳይገባ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ነበር።

በምትክህ የመጣው ወጣት ሐኪም ያንኑ ክፍልህን ተከራየ። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። ምድጃ አታስገባ፣ ካስገባህም መስኮት ክፈት ብዬ ለመንኩት። በትሕትና ሰማኝ። «እትየ፣ እግዜር ያጽናሽ። የገደላቸው ሰው እንደታረቀ ሰምቻለሁ። ስለ ቤቱ አትስጊ፣ ቤቱ ደህና ነው» አለኝ። ብርዱ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው «ኧረ ከሰሉ ነው የሚያኖረኝ» አለ። ደጋግሜ ደወልኩ። አሁን የእኔን ቁጥር ሲያይ አያነሣም።

ትምህርት ቤትም ለክረምት ሳይዘጋ የአየር ብክለት ምዕራፍ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ የፋብሪካ ጭስ ይላል፣ የመኪና ጭስ ይላል፤ የምድጃ ፍም የለበትም። ከራሴ ጨምሬ አስተማርኩ። ስለ አንተ አልተናገርኩም፤ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አድርጌ ነገርኳቸው። ልጆቹ እየጻፉ ሳለ አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችኝ። አይመጣም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ባለፈው እሑድ ህሊና ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትጫወት ውላ መጣች። «አባየን የገደለው ሽማግሌ ሞተ አሉ» አለችኝ። አጠገቤ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። አባትሽን ማንም አልገደለውም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ተበላሽቶ ነው አልኳት።

«የምንተነፍሰው አየር?» አለች።

አዎ አልኳት።

«ይታያል?»

አይታይም አልኳት። ጥቂት ቆይቼ ባያት ጉንጮቿን ነፍታ ትንፋሿን ይዛለች። እንባዋ እስኪመጣ ያዘችው። ብድግ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ይህ ንጹሕ ነው፣ ተንፍሺ አልኳት። ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል፣ እኔ ቀድሜ እስክተነፍስ ጠበቀች።

ወንዴ፣ ሳቅህን ብዙ ሰው ያስታውስልሃል። ያዳንካቸውን ከብቶች ባለቤቶቻቸው ያነሷቸዋል። እንዴት እንደሞትክ ግን እኔና አያ ክንፌ ነበርን የምናውቅልህ፤ አሁን እሳቸውም የሉም። ህሊና ትመነኝ እንደሆን አላውቅም። እኔ እስካለሁ ድረስ በሰው እጅ እንዳልጠፋህ አስታውሳለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። ከእኔ በኋላ ግን የተገደልክ ትሆናለህ።

ብርቄህ