ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛን ላይ

ለተከበርሽው የከዋክብት ተማሪ እህቴ ሰገን፤ የህንድ ሙቀት ጠብሶ ሳይጨርስሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ያው ነኝ፣ ተንኮሌ ብቻ ጨምሯል።

«ከባድ ጋላክሲ ኮከቦቹ የሠሩትን ብረት አጥብቆ ይይዛል፤ ቀላሉ ግን ኮከብ ሲፈነዳ ይበተንበታል» ያልሽውን ለአባዬ አነበብኩለት። «እኔስ የትኛው ነኝ?» አለና፣ በቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ መንገድ ዳር ሰው የሚመዝነው ሰውዬ ጋ ይጎትተኛል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ እኔ ከኋላ በእግሬ ጫን አደርግለታለሁ። «ስልሳ ኪሎ! ከባዱ ነኝ!» ይላል። ሰውዬው ይጠቅሰኛል።

አዳማ ያገኘሁትን ሥራ ተውኩት። ማለቴ፣ ቅዳሜ ማን ይጫንለታል? ድሮ ስልሳ ለመሙላት የእግሬ አውራ ጣት ይበቃ ነበር፤ ባለፈው ሙሉ እግሬን አሳረፍኩ።

«ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ አባትሽ ደህና ነው በላት» ብሎኛል አባዬ። ይኸው ብያለሁ።

በይ፣ ጋላክሲዎችሽን ሰላም በይልኝ።

ቀጣፊው ወንድምሽ አታክልቲ፣ ከካዛንቺስ