ጃዝ ያለው ማነው?

ጥር 7 ቀን 71፣ ረፋድ

እንደገና አቧራ። የናዝሬት ነፋስ መስኮት ተዘጋ አልተዘጋ ግድ የለውም። ሣጥኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ወደ መደርደሪያቸው መለስኩ። አንቺንም ጭምር፣ ደብተሬ። ሽፋንሽ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነበር።

የባህል አዳራሹ ድምፅ ክፍል ይኸው ነው፤ እኔ፣ ጋሽ ቱሉ፣ አንድ ትልቅ ቴፕ፣ መደርደሪያ ሙሉ የቴፕ ክር። አብዛኛው ክር ባንድ ይጫወትበት የነበረው ሆቴል ሲወረስ ከወንበርና ከመጋረጃ ጋር ተጭኖ የመጣ ነው። የእሑድ ከሰዓቱ ባንድ። የአዲሳባ ሰው በባቡር እየመጣ የሚደንስበት። ያኔ የሚቀዱት ጋሽ ቱሉ ነበሩ፤ በየሣጥኑ ላይ በቀይ ቀለም «ጃዝ» ብለው ጽፈዋል።

አንዱ ሣጥን ውስጥ ወንድሜ ሰለሞን አለ። ትራምፔት ይነፋል። መጨረሻ ላይ ይስቅና «ተቀዳ?» ይላል። ሊወስዱት የመጡ ቀን ፎቶዎቹንም ይዘዋቸው ሄዱ። የቀረን ይቺ «ተቀዳ?» ብቻ ናት።

ጥር 8፣ ከሰዓት

አዲሱ ኃላፊ ጓ. መርሻ መጣ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ አንቺ ላይ ግን አንተም ይበዛበታል።

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መደርደሪያውን ይቃኛል። ቀዩ ጽሑፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማንን ጃዝ ለማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። እሱ ባደገበት ጃዝ የሚባለው ውሻ ነው፤ ጃዝ ሲሉት ይናከሳል። እኔም ባደግኩበት እንደዚያው፣ አልዋሽም። ግን እዚህ ሣጥን ውስጥ ማን ማንን ያስነክሳል?

ጋሽ ቱሉ የሙዚቃ ዓይነት ነው ጌታዬ አሉት። ይባስ! ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል ብሎ ጮኸባቸው። ሕዝብን በአብዮቱ ላይ ጃዝ የሚል ነገር ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ተገኘ፣ ይጣራል፣ ብሎ ወጣ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ጥር 10

ስብሰባ። አጀንዳ አንድ፦ ጃዝ። እንዲህ ብለው ነው የጻፉት፣ በእናትሽ! ከቀበሌ የመጣ አንድ ሰው እሱም ከድሮ ጀምሮ ሲጠረጥር እንደነበር ተናገረ። ሙዚቃ የሚባል ነገር እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አዳራሹን ረግጦ አያውቅም። ስለ ሳቄ ግለሂስ አድርጊ ተባልኩ። አደረግኩ። ንቃተ ህሊናዬ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው የሳቅኩት አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ውሳኔ፦ ጃዝ የሚል ሣጥን ውስጥ ያለ ክር ሁሉ ይጠፋል፤ የኪነት ቡድኑ መዝሙር ይቀዳበታል። አዲስ ክር ከውጭ አይመጣማ። አጥፊው ጋሽ ቱሉ። የቀዱትን በገዛ እጃቸው። ከሰኞ ጀምሮ።

ስንወጣ ዘበኛው «ጃዝ ባዮቹ መጡ» አለ። አሁን ስማችን ይኸው ሆኗል።

ጥር 13፣ እሑድ

እማዬ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አየኋትና ደሜ ፈላ። ያኔ ልጇን ሰለሞንን ገድለው ገበያው አደባባይ ላይ ጥለውት አገኘችው። ማልቀስ ክልክል ነው አሏት። ነጠላዋን ነክሳ ቆመች። እስከ ዛሬ እንደነከሰች ነች፤ አፏን ከፍታ ስሙን አልጠራችም።

ክሩ መኖሩን ነግሬያት አላውቅም። ከሰማች ትጮኻለች፤ ከጮኸች ጎረቤት ይሰማል። ነገ ሊጠፋ ነው ብዬ ደግሞ በየት አፌ!

ጥር 14፣ ሰኞ

አደረግኩት!

በዚህ አገር የማይነካ ሣጥን የቱ ነው? የጓድ ሊቀመንበሩ ንግግር። ጋሽ ቱሉ ምሳ ሲወጡ ያን ሣጥን አወረድኩ። ንግግሩን አወጣሁና ወንድሜን አስገባሁ። ንግግሩን ደግሞ ጃዝ የሚለው ሣጥን ውስጥ። ሣጥን ባዶ ከሆነ ጥያቄ ይመጣል። ንግግሩ እንደሆነ በሬዲዮ ስንቴ ተደጋግሟል፤ ሌላ ቅጂ አያጡም።

ከሰዓት ጋሽ ቱሉ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ የጃዙን ክር ሁሉ አጠፉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሳቄን ያዝኩ። ወዲያው ደግሞ ሌሎቹን አስታወስኳቸው። ሳክስፎኑ። ከበሮው። የዚያች ዘፋኝ ድምፅ። ሁሉም ሄዱ። ያተረፍኩት የራሴን ብቻ ነው። ሳቁ መረረኝ።

ጥር 18፣ ዓርብ

አለቀልኝ።

እሑድ ሰልፍ አለ። ከመቂና ከዝዋይ ሰው በጭነት መኪና ይመጣል። ጓ. መርሻ የንግግሩን ሣጥን ራሱ መጥቶ ወሰደ፤ በሁለት እጁ እንደ ጽላት አቅፎ። አደባባይ ላይ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ማጉያው እስከ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል ብሎ ፎከረ። ወረቀት ለጠፈበት፣ ማኅተም መታበት፣ ካቢኔቱ ውስጥ ቆለፈበት።

ለጋሽ ቱሉ ሁሉን ነገርኳቸው። «ያ ዋቅ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩና ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቆይተው መላ አመጡ። እሑድ ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት ክሩን ማሽኑ ላይ ማስበጣጠስ። ማሽኑ በላው ማለት። አሮጌ ማሽን ነው፣ ማንም ያምናል። እኔም እሳቸውም እንተርፋለን።

ሰለሞን ግን ሁለተኛ ይሞታል። በእኔ እጅ።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም፤ የጋሽ ቱሉንም መላ፣ ካልበጣጠስነው የሚመጣብንንም። ይህንን የምትመርጠው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። አልጮኸችም። ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና ድምፁ አለ ወይ አለች። አለ አልኳት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አደባባይ አይደል የጣሉብኝ? አደባባይ ላይ ልስማው።»

ወዲያው ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ። መቂ ያለችው ልጄ ታማለች ብለው ከሰዓት መኪና ይሳፈሩ አልኳቸው። ገባቸው። ማሽኑን ማን ያስነሳል አሉ። እኔ አልኩ። ከእሳቸው አይደል የተማርኩት? ግንባሬን ሳሙኝ። ተሰነባበትን።

ጥር 20፣ እሑድ ማለዳ

መኪኖቹ መግባት ጀምረዋል። እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። እማዬ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ዛሬ አልነክሰውም አለችኝ።

ማጉያው እስከ ባቡር ጣቢያ ይሰማል ብሎ የለ።

ይሰማ።